«መድኃኒቱን አልወሰደም» ከማለታችን በፊት
ለጤና ሚኒስቴር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለኢፌዴሪ ጤና ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የአእምሮ ሕክምና መድኃኒት አሰጣጥ የኢትዮጵያውያንን ዘረመል እንዲያገናዝብ ስለመጠየቅ

ክቡራን የሚኒስቴሩ ኃላፊዎች፣

በሆስፒታል ፋርማሲ የምሠራ ባለሙያ ነኝ። እንደ ሃሎፔሪዶል ወይም አሚትሪፕቲሊን ያለ የአእምሮ ሕክምና መድኃኒት ታዞላቸው ሕመማቸው ያልበረደላቸው ሰዎች ደጋግመው ይገጥሙኛል። ቤተሰብ «አልዋጠውም» ብሎ ታማሚውን ይቆጣል፤ ሐኪሙም ይጠረጥረዋል። ታማሚው «ወስጃለሁ» ሲል ግን እውነቱን ሊሆን ይችላል።

እነዚህን መድኃኒቶች በጉበት ውስጥ ከሚሰባብሩት ኢንዛይሞች አንዱ የሚሠራው ሲዋይፒ2ዲ6 በተባለ ዘረመል ትእዛዝ ነው። ከተለመደው ሁለት ቅጂ በላይ ይዞ የሚወለድ ሰው ኢንዛይሙ ስለሚበዛበት መድኃኒቱ በቂ መጠን ሳይደርስ ከደሙ ሊወጣ ይችላል። ፕሮፌሰር እሌኒ አክሊሉና በስዊድን ካሮሊንስካ ተቋም ያሉ ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተሙት ጥናት፣ ከኢትዮጵያውያን ተሳታፊዎች 29 በመቶው ትርፍ ቅጂ ተገኝቶባቸዋል። በስዊድናውያን ዘንድ ቁጥሩ ከ1 እስከ 2 በመቶ ብቻ ነው።

ዘረመል ግን ብቻውን አይወስንም። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመው ተከታይ ጥናታቸው፣ ተመሳሳይ ዘረመል ካላቸው ኢትዮጵያውያን መካከል አገር ቤት የሚኖሩት ከስዊድን ነዋሪዎቹ ይልቅ ኢንዛይሙ ቀዝቀዝ እንደሚልባቸው አሳይቷል። አካባቢም ድርሻ አለው ማለት ነው። ስለዚህ የውጭ መመሪያ መገልበጥ አይበቃም፤ እዚሁ በታማሚዎቻችን ላይ መለካት አለበት።

የኔዘርላንድ ፋርማሲስቶች መመሪያ ሃሎፔሪዶልን በፍጥነት ለሚሰባብሩ ሰዎች መጠኑን ማሻሻል ወይም ሌላ መድኃኒት መምረጥን ይመክራል። የዚህ ዘረመል ትርፍ ቅጂ ከኔዘርላንዳውያን ይልቅ በብዛት ያለው እኛ ዘንድ ሆኖ ሳለ፣ ጥያቄውን ቀድመን ማንሳት የሚገባን እኛ ነበርን።

ስለዚህ ሦስት ነገር እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ የአእምሮ ሕክምና መመሪያችን ይህን ልዩነት በግልጽ ያስፍር፤ መድኃኒት ያልሠራለት ታማሚ ከመወቀሱ በፊት ይመርመር። ሁለተኛ፣ በደም ውስጥ ያለውን የመድኃኒት መጠንና ዘረመሉን የሚለካ ምርመራ ቢያንስ እንደ አማኑኤል ባለ የአእምሮ ሕክምና ሪፈራል ሆስፒታል ይጀመር። ሦስተኛ፣ ውጤቱ በምስጢር ይያዝ። የአእምሮ ሕመም የብዙ ዘረመሎችና የኑሮ ጫና ድምር ነው፤ የምርመራ ወረቀት ለጋብቻ ዘር መቁጠሪያ እንዲሆን መፈቀድ የለበትም።

ይህን የምታነቡ ታማሚዎችና ቤተሰቦችም፣ እባካችሁ መድኃኒቱን በራሳችሁ አትጨምሩ፣ አታቋርጡ፤ ሐኪማችሁን ጠይቁ። ክቡራን ኃላፊዎች፣ እነሱ ሲጠይቁ ሐኪሙ የሚመልስበትን መመሪያና መሣሪያ ማቅረብ የእናንተ ኃላፊነት ነው።

ከአክብሮት ጋር