ሪባን ያልተቆረጠለት ሁለተኛው መጽሐፍ

በዚህ ሳምንት ደስ ያሰኘኝ፣ ሪባን ያልተቆረጠለትና የክብር እንግዳ ያልተጠራለት አንድ ቀጭን የሕፃናት ተረት መጽሐፍ ነው። አሳታሚዎቹ ሁለት ወጣቶች ናቸው። የመጀመሪያ መጽሐፋቸው በወጣ ጊዜ አዳራሽ ተከራይተው፣ ኬክ አስጋግረው፣ ከመጽሐፉ የሚረዝም ንግግር አሰምተውን እንደ ነበር የዚህ ዓምድ ደንበኞች ያስታውሳሉ፤ እኔም በዚያን ሰሞን ስለ ምረቃ ድግስ ያለኝን የቆየ ቅሬታ ጽፌ የሰው ደስታ የማይወድ ጨለምተኛ ተብያለሁ። ስድቡን ተቀብያለሁ፤ ቅሬታውን ግን አልተውሁትም።

ሠርግ መደገስ እናውቅበታለን፤ ሙሽሮቹ ጎጆ ከወጡ በኋላ ግን እህል ይኑራቸው አይኑራቸው የሚጠይቅ የለም። በጥበብ ሥራ ለመተዳደር የተነሣ ሰው እውነተኛው ጾር የሚጫነው በምረቃው ዕለት ሳይሆን፣ ጭብጨባው ዝም ካለ በኋላ ማተሚያ ቤቱ ቀብድ ሲጠይቅ፣ የወረቀቱ ዋጋ ከውጭ ምንዛሪው ጋር አብሮ ሲወጣ፣ መጽሐፍ መደብሩም «ሲሸጥ እንከፍላለን» ብሎ ጥቅሉን ሳይፈታ ከመደርደሪያው ሥር ሲያኖረው ነው። ያን ጊዜ የክብር እንግዳው ስልክ አያነሣም።

ይህን በነገርኳቸው ቍጥር ወጣቶች «ታዲያ ምን ይሻላል፣ ጋሼ?» ይሉኛል። እኔም ስብከት ከመጀመር ይልቅ የአምሐ እሸቴን ነገር አነሣላቸዋለሁ። አምሐ ሸክላ አሳታሚ ከመሆኑ በፊት ሸክላ ሻጭ ነበረ፤ በሙዚቃ ቤቱ ባንኮኒ ቆሞ፣ የአዲስ አበባ ወጣት ምን ሰምቶ እንደሚፈዝ፣ ምን ፈልጎ አጥቶ እንደሚሄድ በዓይኑ እያየ የሰው ሀገር ዘፈን ይሸጥ ነበር። የሀገራችን ዘመናዊ ዘፈን ግን በሸክላ አይወጣም ነበር፤ ምክንያቱም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1948 በወጣ የንጉሠ ነገሥት ትእዛዝ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም ብቸኛ መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር የተሰጠ ሲሆን፣ ማኅበሩ ደግሞ ዘመናዊውን ዘፈን አያሳትምም ነበር። በክቡር ዘበኛና በፖሊስ ኦርኬስትራ ተቀጥረው ሌሊቱን በየክበቡ የሚጫወቱት ሁሉ፣ ድምፃቸው ከጧቱ ጋር አብሮ ይጠፋ ነበር።

አምሐ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ሳለ፣ በዚሁ አቆጣጠር በ1969፣ የዘፋኙን የአለማየሁ እሸቴን ድምፅ ቀርጾ፣ በሀገር ውስጥ ሸክላ የሚያትም ስላልነበረ ሥራውን ወደ ህንድ ላከው። ልብ በሉ፤ መብቱ የሌላ ነው፤ ገንዘቡ የራሱ ነው፤ ማተሚያው ከባሕር ማዶ ነው፤ ኪሣራ ቢመጣም ከእርሱ በቀር የሚካፈለው የለም። አድማጩ ግን ሥራውን ተቀበለ፤ ሁለተኛውም ሦስተኛውም ተከተለ፤ በ1975 ከሀገር እስኪወጣ ድረስ ከ100 በላይ ትንንሽ ባለ 45 ዙር ሸክላዎችን አሳተመ፤ ሙላቱ አስታጥቄም የኢትዮ ጃዝ ሥራውን በዚሁ ቤት አሳተመ። ዛሬ ፈረንጁ «ኢትዮፒክስ» እያለ በየሀገሩ የሚሰማው ተከታታይ አልበም መሠረቱ በከፊል ይኸው ነው። ድፍረቱን ብዙ ሰው ያወድሳል፤ እኔ ግን ከድፍረቱ ይልቅ ባንኮኒውን አስቀድማለሁ፤ ከአድማጭ ፊት ለፊት ቆሞ ያልዋለ ድፍረት ገንዘብ ከማባከን ብዙም አይርቅምና።

ወጣቶቻችንም ለሁለተኛው መጽሐፍ ያደረጉት ይህንኑ ነው። ሥዕሉንና ጽሑፉን ለማተሚያ ቤት ከመስጠታቸው በፊት ረቂቁን ይዘው ወደ መዋዕለ ሕፃናት ሄዱ፤ ለልጆቹ ጮክ ብለው እያነበቡ በየትኛው ገጽ እንደሚስቁ፣ በየትኛው ገጽ የጎረቤታቸውን ጠጕር መጎተት እንደሚጀምሩ መዘገቡ፤ ጠጕር ያስጎተተውን ገጽ ሁሉ ያለ ርኅራኄ ቈርጠው ጣሉ። የታተመውንም ለመደብር ብቻ ሳይሆን መንገድ ለመንገድ መጽሐፍ ተሸክመው ለሚውሉት አዟሪዎች ሰጡ፤ አዟሪ ያልተሸጠለትን መጽሐፍ በትከሻው ስለሚያውቀው ለአሳታሚው እውነቱን አይደብቅምና።

እዚህ ላይ፣ ጥበብና ንግድ አንድ ማዕድ አይቀርቡም እያሉ በየጊዜው ደብዳቤ የሚጽፉልኝ አንድ አዛውንት አንባቢ እንደሚቈጡ አውቃለሁ። ብራና ፍቆ፣ ቀለም በጥብጦ፣ ወገቡ እስኪጎብጥ ዳዊት የደገመልንና የጻፈልን ቁም ጸሐፊ ስለ ድካሙ ዋጋ ይቀበል ነበር፤ ዋጋ በመቀበሉም የመዝሙሩ ቅድስና አልጎደለም። ከዚህ በላይ ክርክር አልጨምርም።

ይልቅስ ልቤን የሚያቃጥለኝ ሌላ ነገር ነው። በዚያ ባማረው ምረቃ ላይ የመጀመሪያው መጽሐፍ ለታዳሚው ሁሉ በነፃ ታደለ፤ ያልደረሰውም «ለእኔስ?» እያለ በማግሥቱ ደወለ። አጎት ለልጆቹ ይፈልጋል፤ የቀድሞ አስተማሪ መታሰቢያ ይሻል፤ ባልንጀራ ፊርማ ያለበት ካልሆነ ይቀየማል፤ እነዚህ ሁሉ ከልባቸው የሚመርቁ፣ ክፋት የሌለባቸው ወገኖች ናቸው፤ ነገር ግን በጅምር ላይ ያለ ሥራ ገዥዎቹ እነርሱ ነበሩ። ዳቦ ቤት ለከፈተ ዘመዳችን ዳቦ በነፃ ስጠኝ ብለን በየጧቱ አንሰለፍም፤ መጽሐፍ፣ ሥዕል ወይም ዘፈን ሲሆን ግን መክፈል እንደ መራራቅ ይቈጠርብናል። የጥበብ ሥራን በለጋነቱ ከሚቀጩት መካከል ጠላቱ ጥቂት ነው፤ አብዛኛው ወዳጅ ነው፤ ጠላትማ መጽሐፉን ለመንቀፍ ሲል እንኳ ገዝቶ ያነባል።

ስለዚህ ምክሬ አጭር ነው። ሦስተኛው መጽሐፍ ሲወጣ ለወጣቶቹ አበባም ንግግርም አታምጡላቸው፤ አዟሪውን ጠርታችሁ የሽፋኑን ዋጋ ሳትከራከሩ ክፈሉ፤ ከተቻለም ለጎረቤት ልጅ አንድ ጨምሩ። ደብዳቤ ጸሐፊው አንባቢዬንም ቢሆን አልተቀየምኳቸውም፤ ጥበብ አይሸጥም የሚሉት ከልባቸው መሆኑን፣ የእነዚህን ዓምዶች ስብስብ ባሳተምሁ ጊዜ አንድ ቅጂ በነፃ እንድልክላቸው በመጠየቃቸው አረጋግጠውልኛል።