ጦስኝን ከመንቀል ወደ ማልማት

ከሰላ ድንጋይ እስከ መንዝ ባለው ደጋ ጦስኝ ያልገባበት ጓዳ ጥቂት ነው። ሽሮ ሲሰናዳ ከቅመሙ ጋር ይፈጫል፣ በርበሬ ውስጥ ይገባል፣ ሻይም ይፈላበታል። ደርቆ እስከ አዲስ አበባ ገበያ ይደርሳል። ይሁንና በአብዛኛው የሚሸጠው ከዱር የተለቀመ እንጂ ከማሳ የተሰበሰበ አይደለም።

ጦስኝ መሬት ላይ ተኝቶ የሚሰፋ፣ ለብዙ ዓመት የሚቆይ ቁጥቋጦ ነው። ከላይ ሲታጨድ መልሶ ያቆጠቁጣል፤ ከነሥሩ ሲነቀል ግን አለቀ። ግብይቱ ደግሞ ለነቃዩ ያደላል፤ በሚዛን ሲሸጥ ሥሩም እንጨቱም አብሮ ይመዘናል። ስለዚህ ለቃሚውን ብቻ መውቀስ ተገቢ አይደለም። ንጹሕ ቅጠልና አበባ ላቀረበ የተሻለ ዋጋ ካልተከፈለ ምክሩ ሰሚ አያገኝም።

ማልማቱ አስቸጋሪ አይደለም። ቅርንጫፉ ተቆርጦ፣ ወይም ሥር ያወጣው ተከፍሎ በክረምት መግቢያ ይተከላል። ውርጭ ይችላል፣ ድንጋያማና ሳሳ ያለ መሬት ይበቃዋል፤ ውኃ የሚተኛበትን ግን አይወድም። የገብስና የባቄላ ማሳ ሳይነካ የእርከን ጠርዝና የጓሮ ዳር ሊለማበት ይችላል። አበባው ለንብም ይሆናል። የሚታጨደው ሲያብብ ነው። ፀሐይ ሽታ የሚሰጠውን ዘይት ስለምታበንነው በጥላ ይድረቅ።

በጣሊያኗ ፓንቴሌሪያ ደሴት ኬፐር የሚባል የድንጋይ ላይ ቁጥቋጦ አለ። ገበሬዎቹ ተክለውት እምቡጡን በጨው አቆይተው ለወጥ ማጣፈጫ ይሸጣሉ፤ እ.ኤ.አ. በ1996 የአውሮፓ ኅብረት የምርቱን ስም ለደሴቷ አጽንቶላታል። (የኬፐር ዘመድ የሆነው የእኛ ጉመሮ ግን መርዝነት ስላለው ለምግብ አይሞከር።)

የወል መሬቱን ለመጠበቅ ግን ባሕር መሻገር አያሻም። የመንዝ ሕዝብ ጓሳን ለ400 ዓመት ገደማ ያቆየው ለዓመታት ዘግቶ፣ ሣሩ ሲደርስ በስምምነት ከፍቶ እያጨደ ነው። ነባሩ ሥርዓት በ1967ቱ የመሬት አዋጅ ቢፈርስም ጥበቃው በሌላ መልክ ቀጥሏል። ለጦስኝ ተረተርም እንዲሁ የመዝጊያና የመክፈቻ ጊዜ መወሰን ይቻላል።

የሞጃና ወደራ ወረዳ ግብርና ባለሙያዎች ከችግኝ ጣቢያዎች ጥቂት መደብ ለጦስኝ ቢለዩ ወጪው ቀላል ነው። ከባዱ የገበያው ነው፤ የኅብረት ሥራ ማኅበራት ከነሥሩ የተነቀለ አንረከብም ለማለት መጀመሪያ የታጨደውን የሚገዙበት ገንዘብ በእጃቸው ሊኖር ይገባል።