ጭነት ላይ ሰው አይጫን

ርእሰ አንቀጽ



የጭነት ባጃጅ ለሰፈራችን ብዙ የጠቀመ መሆኑ የታወቀ ነው። ድሮ በአህያ፣ በጋሪና በሰው ትከሻ ይመጣ የነበረውን ጀንፈል፣ ከሰልና ሲሚንቶ ዛሬ ከገበያ እስከ ደጃችን ያደርስልናል። አይሱዙ በማይገባበት ጠባብ መንገድ ይገባል። የማኅበራችን ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበርና ድስት ለቅሶ ቤት የሚደርሰውም በእሱው ነው። ስለዚህ ይህን የምንጽፈው ባጃጅን ለመውቀስ ሳይሆን አጠቃቀማችንን ለመመካከር ነው።

ባለፈው ክረምት የሆነውን ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። ለቀስተኛው መጥቶ ዝናብ ላይ ቆሟል፣ ድንኳኑ ግን አልደረሰም። ብረቱንም፣ ሸራውንም፣ አግዳሚውንም ባንድ ጊዜ ከመርነው። «ሁለት ልጆች ከላይ ወጥተው ዕቃውን ይያዙ» ተባለ። ይህን ያለው ሌላ ሰው አይደለም፤ እኔው ጸሐፊው ነኝ። «ምን ችግር አለው፣ ቅርብ ነው» አልኩ። ቁልቁለቱ ጭቃ ነበር። ሹፌሩ መታጠፊያው ላይ ደርሶ ድንገት ፍሬን ሲይዝ ባጃጁ በጎኑ ወደቀ። አንደኛው ልጅ ብረቱ እግሩ ላይ አርፎበት ሦስት ወር በክራንች ሄደ። ዛሬም ብርድ ሲሆን ያመዋል። ልጁ ሊያስተዛዝን የመጣ ነበር። እናቱ «ማኅበሩ የቆመው ሊያስቀብር ነው ወይስ ሊያስገድል?» ብለው ጠየቁኝ። መልስ አልነበረኝም።

ከዚያ ወዲህ «ጥፋቱ የሹፌሩ ነው» የሚል ሰው ብዙ ነው። ሹፌሩ ጥፋት የለበትም አልልም። ነገር ግን ባንድ ጉዞ ይለቅ፣ የሁለት ጉዞ ሒሳብ አንከፍልም ያልነው እኛ ነን። ልጆቹን ከላይ ያወጣነውም እኛው ነን። እንግዲህ ጥንቃቄው ከአስጫኙ መጀመር አለበት ማለት ነው።

ባጃጅ ለምን ቶሎ እንደሚገለበጥ ማወቅ ይጠቅማል። የጅማን ባለሦስት እግር በርጩማ ሁላችንም እናውቀዋለን። መሐሉ ላይ ሲቀመጡ ይጸናል፤ በሁለት እግሮቹ መካከል ወዳለው ጠርዝ ሲያዘነብሉ ግን ይጥላል። ባጃጅም ከፊት ያለው አንድ ጎማ ብቻ ስለሆነ፣ እየታጠፈ ፍሬን ሲይዝ ክብደቱ ሁሉ ጎማ ወደሌለበት ወደ ፊት ጎን ይሄዳል። ጭነቱ ከፍ ባለ ቁጥር ነገሩ ይብሳል። ከላይ የተቀመጠ ሰው ደግሞ ከፍታውንም ክብደቱንም ይጨምራል። ከወደ ኋላ ጫፍ ሲበዛበት ደግሞ የፊቱ ጎማ ስለሚቀል መሪው አልታዘዝ ይላል።

የጣሊያኑ ፒያጆ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1948 ባለሦስት እግር የጭነት ተሽከርካሪ ሠርቶ ሲያወጣ ስሙን «አፔ» አለው። በአገራቸው ቋንቋ ንብ ማለት ነው። ንብ ደግሞ የምትችለውን ተሸክማ ትመላለሳለች እንጂ ቀፎውን ባንድ ጉዞ አትሞላም። ይሄ ለኛም ትምህርት ይሆናል።

በመሆኑም አስጫኝም ሹፌርም የሚከተለውን እንዲጠብቅ ማኅበራችን ያሳስባል።

1. ጭነት ላይ ሰው አይወጣም። ዕቃ የሚይዘው ገመድ ነው። ረዳትም ቢሆን ከጭነት ላይ ሆኖ አይሄድም።

2. ባጃጁ ስንት እንደሚችል ይጠየቅ። ብዙዎቹ የሚችሉት ግማሽ ቶን አካባቢ ስለሆነ አምስት ኩንታል ያህል ነው። ከባዱ ከታች፣ ቀላሉ ከላይ ይሁን። ከካሶኒው ጎን በላይ አይከመር።

3. «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይባላል። ገመዱ ከመነሣት በፊት በደንብ ይታሰር፤ ጥቂት ከተሄደ በኋላም ቆም ብሎ ይታይ። ብረትና እንጨት ወደ ኋላ ወጥቶ ከታየ ጫፉ ላይ ቀይ ጨርቅ ይታሰርበት።

4. ቁልቁለት ከመጀመሩ በፊት ከባድ ማርሽ ይግባ። ቤንዚን ለመቆጠብ ተብሎ ሞተር አጥፍቶ በፍሪ መውረድ ይቅር። ፍሬን የሚያዘው መታጠፊያው ሳይደርስ፣ መሪው ቀጥ ባለበት ነው። ጭቃ ሲሆን ደግሞ ከወትሮው ቀስ ማለት ያስፈልጋል።

5. ዳገት ላይ ሲቆም የእጅ ፍሬን ተይዞ ጎማው ሥር ታኮ ይደረግ። ቁልፉም ተነቅሎ ይወሰድ።

6. ወላጆች፣ ልጆቻችሁ ከኋላ እየተንጠለጠሉ እንዳይሄዱ ምከሩ። «ልጅ ነው ይጫወት» አይባልም።

የሦስተኛ ወገን መድንም ሳይጠየቅ አይታለፍ። በ2005 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 799 ይህን መድን ግዴታ አድርጎታል። «አለህ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሪፖርት በመንገድ አደጋ በዓመት 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደሚሞት ገልጿል። ከ5 እስከ 29 ዓመት ዕድሜ ላሉት ቀዳሚው የሞት ምክንያት ይኸው ነው። እኛም «ከላይ ውጡ» የምንላቸው በዚሁ ዕድሜ ያሉትን ነው።

ሹፌር ወንድሞቻችን፣ እናንተም «አይሆንም» በሉን። ደንበኛ ይቀርብኛል ብላችሁ አትፍሩ። የቡና ለቀማ ሲደርስ ሁሉም ይቸኩላል፣ ጀንፈሉም ይከመራል፣ የቀን ሠራተኛውም ከላይ ይወጣል። ያን ጊዜ እምቢ የሚል ሹፌር ካለ ሰፈሩ ሊያመሰግነው ይገባል።

የማኅበሩ ኮሚቴ ከእንግዲህ ድንኳኑና ወንበሩ በሁለት ጉዞ እንዲመላለስ ወስኗል። የተሸከሙ ልጆች በእግራቸው ይከተላሉ። የሁለተኛው ጉዞ ሒሳብ ከማኅበሩ ገንዘብ ይከፈላል። ወጪ እንደሚጨምር አልደብቅም። ቅር የሚለው አባል ካለ በሚቀጥለው ስብሰባ ላይ ተነሥቶ ይናገር፤ እንወያይበታለን። ነገር ግን ከመናገሩ በፊት የዚያን ልጅ እናት ጥያቄ ያስብ።

ለቀስተኛው ትንሽ ዝናብ ቢመታው ልብሱ ይደርቃል። ድንኳኑ ቢዘገይም ይደርሳል። ሰው ግን ከወደቀ በኋላ መጸጸት አይጠቅምም።

የማኅበሩ ጸሐፊ