ጃፓንን ለመጐብኘት ለሚሄዱ ወጣቶች

በያመቱ ከአገራችን ወጣቶች አንዳንዶቹ ለትምህርት፣ አንዳንዶቹም ለሥራ ሥልጠና ወደ ጃፓን ይሄዳሉ። ዋናው ጉዳያቸው ትምህርቱ ወይም ሥልጠናው ቢሆንም፣ በትርፍ ጊዜያቸው የጃፓንን ቤተ መቅደሶች፣ መናፈሻዎችና ሌሎችንም ዝነኛ ሥፍራዎች ለማየት መመኘታቸው ተገቢ ነው። ነገር ግን የሠልጣኝ ትርፍ ጊዜ ጥቂት እሑዶች ናቸው፤ የተማሪም ኪስ ቀጭን ነው። ጕብኝቱ አስቀድሞ በሚገባ ካልታሰበበት፣ ብዙ ገንዘብና ድካም ወጥቶበት የሚተርፈው በየበሩ ፊት ተቁሞ የተነሡት ፎቶግራፍ ብቻ ይሆናል። ዛሬ ስለ ጕብኝት ዝግጅት ጥቂት ለመናገር ያሰብነው ስለዚህ ነው።

ጃፓንን አይቶ መመለስ ለኛ አዲስ ነገር አይደለም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ. ም. በመልእክት ወደዚያ ሄደው ካዩ በኋላ፣ ያዩትንና የሰሙትን «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» በተባለ መጽሐፍ ጽፈው ለአገራቸው ሰው አቀረቡ። መጽሐፉም በኋላ ወደ ጃፓንኛ ተተረጐመ። እንግዲህ የጕብኝት ፍሬ ይህ ነው፤ ላልሄደው ሰው የሚነገር ቁም ነገር ይዞ መመለስ። ከዚህ በታች የምናነሣቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

የጕብኝት ዝግጅት መጀመር ያለበት ከቦታዎች ስም ዝርዝር ሳይሆን ከጥያቄ ነው። «ካለመጠየቅ ደጃዝማችነት ይቀራል» ይባል የለምን? አንድ ሰው ወደ አንድ ሥፍራ ከመሄዱ በፊት፣ ይህን ማን ሠራው? በምን ገንዘብ ተሠራ? እስከ ዛሬስ ማን ጠበቀው? ብሎ ጠይቆና ጥቂት አንብቦ የሄደ እንደ ሆነ፣ ከአሥር ቦታ የማያገኘውን ከአንዱ ያገኛል። ይህንንም በአንድ ምሳሌ እናስረዳ።

በቶክዮ ከተማ፣ ሐራጁኩ በተባለው የባቡር ጣቢያ አጠገብ፣ የሜይጂ ቤተ መቅደስ ይገኛል። ግቢው 70 ሄክታር ያህል ነው። ሰው በትልቁ የእንጨት በር አልፎ ሲገባ የከተማው ጫጫታ ይርቅና ከጥንት ጀምሮ የነበረ ደን ውስጥ የገባ ይመስለዋል። እውነቱ ግን ሌላ ነው፤ ደኑ በሰው እጅ የተተከለ ነው። ንጉሠ ነገሥት ሜይጂ በ1912፣ እቴጌ ሾኬንም በ1914 ካረፉ በኋላ፣ ለመታሰቢያቸው ቤተ መቅደስ እንዲሠራ ተወሰነ፤ ቦታው ግን አብዛኛው ደን የሌለበት ነበር። ሕዝቡ ከመላው ጃፓን 100 ሺህ ያህል ዛፎች በስጦታ ላከ፤ 110 ሺህ ያህል ወጣቶችም በፈቃዳቸው እየመጡ በሥራው ረዱ። ቤተ መቅደሱ በ1920 ተመረቀ።

ለወጣት ሹም ከዚህ ሁሉ ይልቅ ሊታሰብበት የሚገባው የዛፉ ምርጫ ነው። በጊዜው ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ኦኩማ ሺገኖቡ፣ ደኑ በጥንቶቹ ታላላቅ ቤተ መቅደሶች እንደሚታየው፣ ሱጊ ከሚባለው ቀጥ ብሎ ከሚያድግ ጥድ እንዲሆን ፈለጉ። የደን ሊቅ የነበሩት ሆንዳ ሴይሮኩና ባልደረቦቻቸው ግን፣ ሱጊ ለቶክዮ አፈርና ለከተማው ጢስ እንደማይስማማ አስረድተው፣ ቅጠላቸው ሰፊ የሆነና በብርድ ወራት የማይረግፍ ዛፎች እንዲተከሉ ተከራከሩ። በመጨረሻም የሊቃውንቱ ምክር ጸና። ዕቅዳቸው፣ ደኑ ከ100 ዓመት በላይ በሚሆን ጊዜ ውስጥ የሰው እጅ ሳያስፈልገው ራሱን በራሱ የሚተካ እንዲሆን ነበር። ስለዚህ የድካማቸውን ፍጻሜ በዓይናቸው እንደማያዩ እያወቁ ሠሩ። ዋናው ሕንጻ በ1945 በአየር ድብደባ ተቃጥሎ በ1958 እንደገና ሲሠራ፣ ደኑ ግን ያን ዘመን አልፎ ዛሬ ደርሷል። አሁንም ጠራጊዎቹ ከመንገዱ ላይ የሚሰበስቡትን ቅጠል ወደ ደኑ ይመልሱታል እንጂ አውጥተው አይጥሉትም።

ከዚያ በባቡር ጥቂት ደቂቃ ሄዶ የቤተ መቅደሱን የውጭ መናፈሻ ማየት ይቻላል። አበበ ቢቂላ በ1964 ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ ፈጽሞ የገባበት ስታዲዮም የነበረው በዚህ አካባቢ ነው። ያ ስታዲዮም በ2015 ፈርሶ፣ በቦታው የተተካው አዲሱ በ2019 ተፈጸመ። በዚሁ መናፈሻ የቆዩትን የስፖርት ቦታዎች አፍርሶ፣ ረጃጅም ሕንጻዎችም ጨምሮ እንደገና ለመሥራት የወጣውን ዕቅድ የከተማው አስተዳደር በ2023 ፈቀደ። በ2024 ዛፍ መቍረጥ ሲጀመር ከከተማው ሰዎች ብዙዎቹ ተቃወሙ፤ የዕቅዱ ደጋፊዎች ደግሞ ሥፍራውንና የቤተ መቅደሱን ደን ጠብቆ ለማቆየት ገቢ ያስፈልጋል አሉ። ጐብኚው ይህንንም ክርክር ሊሰማ ይገባዋል። ቅርስ የሚጠበቀው በየትውልዱ እየተከራከሩና እየከፈሉ መሆኑን ከዚህ ይረዳል።

ጥያቄው ከታወቀ በኋላ ቀንና ገንዘብ መቍጠር ይከተላል። በቶክዮ የቼሪ አበባ የሚፈካው አብዛኛውን ጊዜ በመጋቢት ወር መጨረሻና በሚያዝያ መጀመሪያ ነው፤ የበልግ ቅጠል የሚቀላው በኅዳር ነው፤ ሰኔና የሐምሌ መጀመሪያ ዝናብ ይበዛባቸዋል። የወሮቹም ስም እንደ ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ያስታውስ። ከሚያዝያ መጨረሻ እስከ ግንቦት መጀመሪያ ያለው የበዓል ሰሞን፣ እንዲሁም የዘመን መለወጫ ቀኖች፣ ባቡሩም መንገዱም የሚጨናነቅባቸው ናቸው። ብዙ ሙዚየሞችና አንዳንድ መናፈሻዎች ሰኞ ሰኞ ይዘጋሉ።

ስለ ገንዘቡ ደግሞ፣ ወደ ሜይጂ ቤተ መቅደስ መግባት ያለ ክፍያ ነው። ከቶክዮ ወደ ኪዮቶ በፈጣኑ ባቡር ከሁለት ሰዓት ጥቂት የሚያልፍ ጕዞ ሲሆን፣ የመሄጃው ብቻ ከ13 ሺህ የን በላይ ያስወጣል። ለውጭ አገር ጐብኚዎች የሚሸጠው የሰባት ቀን የባቡር ትኬት ዋጋው በ2023 ጥቅምት ወደ 50 ሺህ የን ከፍ ብሏል፤ የሚሸጠውም በአጭር ጊዜ የጐብኚ ፈቃድ ለገቡ ነው እንጂ በተማሪነት ፈቃድ ለሚኖሩ አይደለም። ስለዚህ ጓደኛ በነገረው ብቻ ተማምኖ ከመነሣት በፊት የራስን ቪዛ ዓይነት መመልከት ያስፈልጋል።

ኪዮቶ የደረሰም በአንድ ቀን ሁለት ቦታ ይበቃዋል። ማለዳ ወደ ፉሺሚ ኢናሪ ይሂድ፤ ሌሊትና ቀን ክፍት ነው፤ ክፍያም የለበትም። በተራራው መንገድ ላይ በሺህ የሚቈጠሩ ቀይ በሮች ተደርድረው ይገኛሉ፤ በጀርባቸውም የሰጪዎቹ ስም ተጽፏል። ከዚያው ጣቢያ በዚያው የባቡር መሥመር ወደ ናራ መቀጠል ይቻላል። በናራ መናፈሻ ከአንድ ሺህ በላይ አጋዘኖች ከሰው ጋር ተላምደው ይኖራሉ፤ በቶዳይጂም በ752 የተመረቀው ታላቁ የነሐስ ቡድሃ ይገኛል። እነዚህን ሁለት በእርጋታ ያየ ሰው፣ ስድስት ቦታ ሮጦ ከጨረሰው የበለጠ የሚያወራው አለው።

ስለ ጠባይም አንድ ቃል እንጨምር። በሺንቶ ቤተ መቅደስ ሰዎቹ በበሩ ላይ እጅ ነሥተው፣ በመንገዱ ዳር ዳር ሄደው፣ እጃቸውንና አፋቸውን በውሃ አንጽተው ይቀርባሉ። ሃይማኖቱ የማይፈቅድለት ጐብኚ በሥርዓቱ መካፈል ግዴታ የለበትም፤ ባርኔጣውን አውልቆ፣ ፈንጠር ብሎ በጸጥታ መቆም ይበቃዋል። በኪዮቶ ጊዮን በተባለው ሠፈር፣ ጐብኚዎች ነዋሪውን ከማስቸገራቸው የተነሣ፣ በ2024 የግል መተላለፊያዎቹ እንዳይገባባቸው ተከልክለዋል። እንግዳ ሲያበዛው ደጅ ይዘጋበታል ማለት ነው። የአገሩን ስም በፊቱ ይዞ የሚዞር ተማሪ ይህን ሊዘነጋ አይገባውም።

በመጨረሻም የምንለው ይህ ነው። በአገራችን በየክረምቱ ችግኝ ይተከላል፤ የመተከሉ ዜናም ይነገራል። ከቶክዮ ደን የተመለሰ ወጣት በመሥሪያ ቤቱ ተቀምጦ፣ ዛፉ ለአፈሩ ተስማሚ መሆኑን ማን መረመረ? ከ50 ዓመት በኋላስ ማን ይጠብቀዋል? ብሎ ቢጠይቅ፣ ለጕዞው የወጣው ገንዘብ አልባከነም። ስለዚህ የምትሄዱ ወንድሞችና እኅቶች፣ ትንሽ ደብተር በኪሳችሁ ያዙ፤ ጥቂት ቦታ ምረጡ፤ ብዙ ጠይቁ፤ ስትመለሱም ጽፋችሁ ለቀረነው አካፍሉን።