ገንዘብ የሚወልድ ሮቦት ለምን ይሸጣል?

እኔ የምለው ጎበዝ! እናንተ ተኝታችሁ ዶላርና ዩሮ እየገዛ እየሸጠ የሚያተርፍ ሮቦት ቢኖራችሁ፣ በኢንተርኔት ለማታውቁት ሰው በመቶ ዶላር ትቸበችቡታላችሁ? እኔ በበኩሌ ለወንድሜም አልነግር!

"የአምናውን ትርፍ እዩ" ይሉናል። አምናማ አለፈ! ዋጋው የት እንደወጣና የት እንደወረደ ከታወቀ በኋላ ሮቦቱን በዚያው ልክ ሰፍቶ ማቅረብ ምን ይከብዳል? ጥያቄው፣ ሻጩ ሊነካካው በማይችለው ሒሳብ፣ በእውነተኛ ገንዘብ ምን ሠራ ነው። ይኼን ሲጠየቁ ምላሳቸው ይተሳሰራል።

ቀልድ የመሰለው ካለ ደቡብ አፍሪካን ይጠይቅ። ሚረር ትሬዲንግ ኢንተርናሽናል የተባለ ድርጅት "ሮቦታችን ምንዛሪ ይነግዳል" እያለ ከ29 ሺህ በላይ ቢትኮይን ሰበሰበ። ከሳሹ የአሜሪካ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት እንዳለው ግን ሮቦት ተብዬው አልነበረም! በ2023 እ.ኤ.አ. ፍርድ ቤት የድርጅቱ መሪ ከ1.7 ቢሊዮን ዶላር በላይ ለተበዳዮች እንዲመልስ፣ ያንኑ ያህል ደግሞ እንዲቀጣ ወሰነ። ሰውየው በ2024 ሞተ። ፍርዱ እንግዲህ በወረቀት ላይ አለ።

ሮቦቱ በርግጥ የሚሠራ ቢሆንስ? አንዳንዱ ሻጭ ከደላላው ኩባንያ ኮሚሽን ይቀበላል፤ ሮቦቱ በገዛና በሸጠ ቁጥር። እናንተ አተረፋችሁም ከሰራችሁም እሱ ይበላል።