ርእሰ አንቀጽ፤ ብራናው ሲኖር ወረቀቱ እንዳይጠፋ

በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ1963 ከተመሠረተ ጀምሮ የሀገራችንን የጽሑፍ ቅርስ ሲሰበስብ ኖሯል። ብዙዎቻችን ግን ብርቅ መጽሐፍ ሲባል የብራናውን ብቻ እናስባለን። እርግጥ ነው፤ በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ ከተወሰዱት መጻሕፍት ብዙዎቹ ዛሬም በለንደን መቅረታቸው ያንገበግባል። ይሁን እንጂ ብራና ጠንካራ ነው፤ ከእርጥበት፣ ከእሳትና ከአይጥ ከተጠበቀ ዘመናትን ይሻገራል። የጋዜጣ ወረቀት ግን በውስጡ ባለው አሲድ የተነሣ በጥቂት ዐሥርት ዓመታት ውስጥ ይወይባል፤ ሲነኩትም ይሰባበራል።

እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የዚሁ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ማኅበር ያሳትመው የነበረው «ስትራግል» ዛሬ የታሪክ ጸሐፊ የሚፈልገው ምንጭ ሆኗል። በዘመኑ ግን፣ በእጃችሁ እንዳለችው እንደዚህች ወረቀት፣ ተነቦ የሚጣል ይመስል ነበር።

ስለዚህ ሦስት ነገር እንጠይቃለን። አንደኛ፣ ከመጽሐፍ ላይ ገጽ በምላጭ ቆርጦ የሚወስድ ተማሪ፣ ለአንድ ፈተና ብሎ የኋለኛውን ትውልድ ንባብ እንደሚሰርቅ ይወቅ። ያየም ዝም አይበል። ሁለተኛ፣ ማኅበራችን ከየእትሙ ሁለት ሁለት ቅጂ ለቤተ መጻሕፍቱ ያስረክብ። ሦስተኛ፣ የቤተ መጻሕፍት ኃላፊዎች አሮጌ ጋዜጦችን ከፀሐይና ከአቧራ አርቀው ያስቀምጡልን፤ ሳይፈርሱም በፎቶግራፍ ያስቀሩልን።

አባቶቻችን ለመጽሐፋቸው የቆዳ ማኅደር ሰፍተውለት ነበር። እኛስ ለወረቀታችን ምን አዘጋጀንለት?