የአገር ዕድገት በምን ሚዛን ይመዘን?

አንድ አስተዋይ ነጋዴ በዓመቱ መጨረሻ የሒሳብ መዝገቡን ሲዘጋ የሚመለከተው የገባውን ገንዘብ ብቻ አይደለም። በመጋዘኑ የቀረው ዕቃ ስንት እንደ ኾነ፥ ያለበት ዕዳ ምን ያህል እንደ ደረሰ፥ ሚዛኑና ጋሪው ምን ያህል እንዳረጀ ይመረምራል። ዋናውን ገንዘብ እየሸረፈ የሚበላ ሰው ገበያው ለጊዜው የደመቀለት ቢመስልም አተረፈ አይባልም። የሚያስደንቀው ነገር፥ ለአንድ ሱቅ እንደ ጥፋት የሚቈጠረው ይህ አሠራር ለአገር ሲኾን ግን ብዙ ዘመን እንደ ትክክለኛ ሒሳብ ሲሠራበት መኖሩ ነው።

የአገሮች ሀብት አብዛኛውን ጊዜ የሚለካው የአገር ውስጥ ጠቅላላ ምርት በሚባለው ቍጥር ነው፤ ይኸውም በአንድ ዓመት ውስጥ በአገሩ የተመረተው ዕቃና የተሰጠው አገልግሎት ዋጋው ተደምሮ የሚገኝ ነው። ሲሞን ኩዝኔትስ የተባለው የምጣኔ ሀብት ሊቅ በ1934 (ዓመታቱ ኹሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) የአሜሪካን ብሔራዊ ገቢ አስልቶ ለምክር ቤቱ ባቀረበ ጊዜ፥ የሕዝብ ደኅንነት ከዚህ ቍጥር ብቻ ሊታወቅ እንደማይችል በዚያው ጽሑፍ አስጠንቅቆ ነበር። ዓለም ቍጥሩን ተቀበለ፤ ማስጠንቀቂያውን ግን ረሳ። ስለዚህ ደን ተቈርጦ ሲሸጥ በገቢ በኩል ይጻፋል፤ የተራቈተው ተራራና በጐርፍ የተወሰደው አፈር ግን በወጪ በኩል አይጻፍም።

ለዚህ ነገር የናውሩ ደሴት ታሪክ በቂ ምስክር ነው። በፓሲፊክ ውቅያኖስ መካከል ያለችው ይህች ደሴት ስፋቷ 21 ካሬ ኪሎ ሜትር ብቻ ሲኾን፥ ለማዳበሪያ የሚያገለግል የፎስፌት ማዕድን በብዛት ተገኘባት። ማዕድኑን ከ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ አንሥቶ የውጭ አገር ሰዎች ሲያወጡት ኖረው፥ ናውሩ በ1968 ነጻ ከወጣች በኋላ ገቢው ለአገሩ ተወላጆች ኾነ። በ1970ዎቹ ዓመታት ገቢው በነፍስ ወከፍ ሲካፈል የናውሩ ሕዝብ ከዓለም ባለጸጎች ጋራ ይቈጠር ነበር፤ መንግሥቱም በ1977 በሜልቦርን ከተማ ባለ 52 ፎቅ ሕንጻ አሠራ። በዚያን ጊዜ ዕድገትን በገቢ ቍጥር ብቻ የመዘነ ሰው ናውሩን ለሌላው አገር ምሳሌ አድርጎ ሊያቀርባት ይችል ነበር። ነገር ግን ያ ገንዘብ ተቈፍሮ የተሸጠ መሬት ዋጋ እንጂ ትርፍ አልነበረም። ከደሴቲቱ መሬት ከአምስት እጅ አራት እጅ የሚያህለው በቍፋሮ ተበላሽቶ ለእርሻም ለመኖሪያም የማይመች የድንጋይ ሜዳ ኾነ። ለመጪው ትውልድ ተብሎ የተቀመጠውም ገንዘብ በመጥፎ አያያዝ አብዛኛው ጠፋ፤ ሕንጻው በ2004 ተሸጠ፤ በ2005ም የቀራት አንድ አውሮፕላን በዕዳ ተወሰደባት።

ይህን የመሰለውን ስሕተት ለማረም ብዙ ተደክሟል። በ1987 በግሮ ሃርለም ብሩንትላንድ ሊቀ መንበርነት የተዘጋጀው የተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ ጽሑፍ፥ ዘላቂ ልማት ማለት የመጪውን ትውልድ ፍላጎት ሳይጐዱ የዛሬውን ማሟላት መኾኑን ገለጸ። በ1990 ማኅቡብ ኡል ሐቅ ከአማርትያ ሴን ጋራ በመመካከር፥ ዕድሜን፥ ትምህርትንና ገቢን በአንድነት የሚመዝን የሰብአዊ ልማት መለኪያ አወጣ። ይህም ታላቅ ርምጃ ቢኾን የመሬቱንና የባሕሩን መጐዳት አይቈጥርም ነበር። በ2015 መንግሥታት የተስማሙባቸው 17 ግቦች ግን ከ230 በላይ መለኪያዎች ወጥቶላቸው፥ ባሕሩንም ጭምር በመዝገቡ አስገቡ። ከነዚህ አንዱ በባሕር ውስጥ የቀረው የዓሣ ዘር ተዋልዶ ለመተካት የሚበቃ መኾኑን የሚመረምር ነው፤ ከተመረመሩትም የዓሣ ዘሮች ከሦስት እጅ አንዱ እጅ በላይ ከልክ ያለፈ እንደሚጠመድ ታውቋል። የወደብ ነጋዴ የጫነውን ዓሣ ሲቈጥር በባሕር የቀረውንም ቢያስብ፥ ስለ ልጁ ሱቅ ማሰቡ ነው።

ኾኖም መለኪያ መብዛቱ ብቻውን እውነትን አያስገኝም። በመጀመሪያ ሰው መቈጠር አለበት። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት የሕዝብ ቈጠራ በየዐሥር ዓመቱ እንዲደረግ ያዛል፤ ነገር ግን ከ2007 ቈጠራ በኋላ በ2017 መደረግ የነበረበት እየተላለፈ ቈይቶ በ2019ም በጸጥታ ምክንያት እንደገና ተላልፏል። የሚካፈለው ሕዝብ በውል ሳይታወቅ፥ ለነፍስ ወከፍ ይህን ያህል ሐኪም፥ ይህን ያህል ውሃ ደረሰ ማለት ግምት ነው እንጂ ሒሳብ አይደለም።

ኹለተኛውም ነገር ድካምን ከፍሬ መለየት ነው። በኢትዮጵያ በሐምሌ ወር 2011 ዓመተ ምሕረት፥ ማለት በ2019፥ በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ ተነግሯል። የሕዝቡ ትጋት የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን የተተከለው ቍጥር የድካሙ መለኪያ ሲኾን፥ የልማቱ መለኪያ ከሦስት በጋ በኋላ ጸድቆ የቆመው ዛፍ ነው። እንደዚሁም የተቈፈረው ጕድጓድ ሳይኾን ዛሬም ውሃ የሚቀዳበት፥ የተሠራው ትምህርት ቤት ሳይኾን አንብቦ የሚረዳው ልጅ ይቈጠር። አስተዳዳሪ የሚመሰገነው ባቀረበው ቍጥር ትልቅነት ብቻ ከኾነ ትልቅ ቍጥር ማቅረቡ አይቀርም፤ ጕድለቱን የጻፈ የበታች ሹም የሚወቀስ ከኾነም ጕድለት የሚጽፍ አይገኝም።

እንግዲህ የየአውራጃው ሹም በዓመት አንድ ጊዜ ከገቢው ጋራ የጐደለውን፥ ከተሠራው ጋራ የፈረሰውን በአንድ ገጽ ላይ ጐን ለጐን ጽፎ ለሕዝብ ቢያስታውቅ፥ ከውጭ አገር ሊቃውንት የሚመጣውን ሰንጠረዥ ሳይጠብቅ የአገሩን ዕድገት መዝኖ ማለት ነው። ነጋዴውም ይህን ሊጠይቅ ይገባዋል፤ ግብር ከፋይ የሒሳቡ ባለቤት ነውና። ቍጥር ለጊዜው ሊያኰራ ይችላል፤ እውነትና ንጋት ግን እያደር ይጠራል።